ጭስ የጠጣ ካሜራ

«በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ ሠርግ በመቅረጽና ወደ ጣና ገዳማት የሚሄዱ እንግዶችን ፎቶ በማንሣት የምተዳደር ሰው ነኝ። ከአራት ቀን በፊት ማምሻውን ከኤሌክትሪክ ምጣዳችን መስመር የተነሣ እሳት ማዕድ ቤቱን አውድሞ ወደ ዋናው ቤት ተሻገረ። ሰው አልተጎዳም። እሳቱ የሥራ ዕቃዎቼ ያሉበትን ክፍል ሳይበላው ጠፋ፤ ነገር ግን የስፖንጁ ፍራሽ፣ የፒቪሲ ኮርኒሱና የመብራት ገመዱ ስለ ነደደ ክፍሉ በጥቁር ጭስ ተሞልቶ ነበር። አንደኛው ካሜራዬ 24-105 ሌንሱ እንደ ተገጠመበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሁለተኛው ከ70-200ውና ከ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ጋር ዚፑ በተዘጋ ቦርሳ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። አንድ ፍላሽ፣ ባትሪዎች፣ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ገና ያልገለበጥኩት የአንድ ሠርግ ፎቶ ያለበት ሜሞሪ ካርድና የሟች አባቴ የቆዩ የፎቶ ፊልሞች (ኔጋቲቮች) ያሉበት የቆርቆሮ ሣጥንም ነበሩ፤ እሳቱ ሲጠፋ የቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ውሃ ገብቷል። ጎረቤቶቼ በቤንዚን ጥረገው፣ ሩዝ ውስጥ ቅበረው ይሉኛል። ወንድሜ ሽታው ሲለቅ ሽጠው ይለኛል። ግንቦት ሳያልቅ ሁለት የሠርግ ቀጠሮ አለብኝ። ከየት ልጀምር?»

ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን እግዚአብሔር እርስዎንም እናትዎንም አተረፋችሁ። ደብዳቤዎ በእጃችን የገባው በአራተኛው ቀን ስለ ነበር፣ ዓምዱ እስኪወጣ ሊጠብቁ የማይችሉትን ሦስት ነገሮች በስልክ ነግረንዎታል፤ እነዚህም ማናቸውንም መሣሪያ ለሙከራ ብለው እንኳ እንዳያበሩ፣ ባትሪዎቹን ሁሉ አውጥተው ከቤት ውጭ እንዲያስቀምጡ፣ የረጠቡት ኔጋቲቮች ደግሞ ሳይደርቁ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲገቡ የሚሉ ነበሩ። የቀረውንና የምክሩን ምክንያት፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲጠቀሙበት፣ እዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ለአብዛኞቻችን ጭስ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥቀርሻ ከጣራው በተንጠለጠለበት ማዕድ ቤት ያደግን፣ እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ ያየን ሰዎች ስለሆንን፣ ጭስ የነካው ዕቃ ታጥቦ ወይም ተጠርጎ ወደ አገልግሎት ይመለሳል ብለን እናምናለን፤ በእንጨት ጭስ ረገድ እምነታችን ያን ያህል ስሕተት አይደለም። በእርስዎ ቤት የነደደው ግን እንጨት ብቻ አይደለም። የመብራት ገመድ ሽፋንና ኮርኒስዎ የተሠሩበት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ሲሆን ከመቶ እጁ 57 ያህሉ በክብደት ክሎሪን ነው፤ ሲነድ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የካሜራውን የናስ፣ የመዳብና የብረት ክፍሎች ሲነካ የሚፈጠረው ጨው ደግሞ በተራው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ዝገቱን ያስቀጥላል። የስፖንጁ ፍራሽ በበኩሉ እንደ ቅባት የሚጣበቅ ጥቁር ጥላሸት ይተፋል። ስለዚህ በካሜራዎ ላይ የሚያዩት ጥቁረት ከችግሩ ትንሹ ክፍል ነው፤ ዋናው በዓይን የማይታየው፣ ይህን ዓምድ በሚያነቡበት ሰዓትም ሥራውን ያላቆመው አሲድ ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ አሲድ የተመቸች ከተማ ናት። ሐይቁ አጠገባችን ነው፤ ግንቦት ሲያልቅ ሰኔ ይገባል፤ ከዚያ እስከ መስከረም ድረስ አየሩ ልብስ እንኳ በቅጡ የማያደርቅበት ጊዜ ይመጣል። አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር ለሳምንታት ሊቆይ የሚችል ዕቃ በእኛ ክረምት ያንን ያህል አይታገሥም። ስለሆነም ከማጽዳትም በፊት መደረግ ያለበት ዕቃዎቹን ከተቃጠለው ቤት ማውጣት ነው። ወደ ዘመድ ወይም ወደ ጓደኛ ቤት ይውሰዷቸው፤ ጭስ በጠጣው ቦርሳቸው ግን አይመልሷቸው። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ንጹሕ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) በርከት አድርገው ጨምረው ያስቀምጧቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጫማ ካርቶን ውስጥ የለቀማቸውን ትንንሽ ከረጢቶች በመጠቀሙ ነው፤ እነዚያ ዓመት ሙሉ እርጥበት ሲጠጡ ከርመው የጠገቡ ናቸው። ፍሬዎቹን ከከረጢቱ አውጥቶ፣ ለምግብ በማይውል መጥበሻ ላይ በለስላሳ እሳት ለሁለት ሰዓት ያህል ቢያሞቋቸው ጉልበታቸው ይመለሳል፤ ከረጢቱን እንዳለ ካሞቁት ግን ይቀልጣል።

ቤቱን ለማጽዳት የሚመጡት ዘመዶችዎ የሚይዙት የመጀመሪያ ነገር በረኪና እንደሚሆን እገምታለሁ። በረኪና ራሱ የክሎሪን ውሕድ ስለሆነ ትነቱ ብረት ያዝጋል፤ ዕቃዎቹ ክፍሉ ውስጥ ሳሉ ግድግዳው በበረኪና ቢታጠብ በእሳቱ ላይ ሌላ እሳት መጨመር ነው። ይህም ዕቃውን ቀድሞ ለማውጣት ሁለተኛ ምክንያት ይሁንዎት።

አንድም ነገር ሳይጠርጉ በስልክዎ ፎቶ ያንሷቸው። ይህን የምለው ፎቶ አንሺ ስለሆኑ አይደለም፤ የመድን ዋስትና ካለዎት መድን ሰጪው የሚያምነው ጥላሸቱ ገና ያልተነካበትን ምስል ስለሆነ ነው። የመድን ውልዎ ጉዳቱ በስንት ቀን ውስጥ መገለጽ እንዳለበት ይናገራል፤ ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡት። እሳቱን ካጠፋው መሥሪያ ቤትና ከፖሊስ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ። መድን ባይኖርዎትም ማስረጃው ቀብድ ለከፈሉ ደንበኞች፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበርዎ ወይም ለዕቁብዎ ዳኛ የሚታይ ወረቀት ነው። ደረሰኞችዎ ከተቃጠሉ የካሜራው መለያ ቁጥር ከሥሩ ተጽፎ ያገኙታል፤ እሱም ከተበላሸ ከዚህ ቀደም ያነሷቸውን ፎቶዎች ዋና ፋይል በኮምፒውተር ከፍተው ዝርዝር መረጃውን ቢመለከቱ ብዙዎቹ ካሜራዎች የራሳቸውን መለያ ቁጥር በየፎቶው ውስጥ ይጽፋሉ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ግን ይህን መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይዝ ዋናውን ፋይል ይፈልጉ።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። ካሜራ በገንዘብ ይተካል፤ የሰው ሠርግ ግን ለፎቶ ተብሎ አይደገምም። ደግነቱ የሜሞሪ ካርድ መረጃ የተቀመጠው በፕላስቲክ በታሸገ ቺፕ ላይ ስለሆነ ጭሱ በቀላሉ አይነካውም። ካርዱ ካሜራ ውስጥ ከሆነ የካሜራውን የካርድ በር ዙሪያ በለስላሳ ብሩሽ አጽድተው፣ ካሜራውን ሳያበሩ በሩን ከፍተው ካርዱን ያውጡት። የካርዱን ገላ በደረቅ ጨርቅ፣ ወርቃማዎቹን መገናኛዎች ደግሞ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ክር በማይረግፍ ጨርቅ በቀስታ ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁት። በጎኑ ላይ መቆለፊያ ካለው ምንም እንዳይጻፍበት ይቆልፉት። ከዚያ በርካሽ ካርድ ማንበቢያ በኩል ይክፈቱት፤ ወደ ሌላ ካሜራ ወይም ወደ ደህና ላፕቶፕ ቀዳዳ አያስገቡት፤ ጥላሸቱን ወደ ጤነኛ ዕቃ ማሸጋገር ይሆናልና። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ከጠየቀዎት እምቢ ይበሉት። ፎቶዎቹን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሳይገለብጡ ካርዱን ለሌላ ሥራ አያውሉት። ሙቀት ያጣመመው ካርድ ካለ አይግፉት፤ ቺፑ እስካልተቃጠለ ድረስ መረጃ የማውጣት ሙያ ያለው ሰው ሊያነበው ይችላል።

ሃርድ ዲስኩ ከዚህ ይለያል። በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለውና አብዛኞቹ ዲስኮች በማጣሪያ የተሸፈነች የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ስላላቸው፣ ጥላሸትና እርጥበት የነካውን ዲስክ ሰክቶ መሞከር ከእሳቱ የተረፈውን መረጃ በገዛ እጅ ማጥፋት ሊሆን ይችላል። በላዩ ያለው ፎቶ ሌላ ቅጂ ካለው ይጣሉት። ከሌለው ሳይሰኩት ለባለሙያ ይላኩት።

ስለ ባትሪዎቹ የምናገረው አጭር ነው። የሊቲየም ባትሪ ከባድ ሙቀት ካገኘው ከቀናት በኋላም ሊያብጥና ሊነድ ይችላል። ጠረጴዛው ላይ በነበረው ካሜራ ውስጥ የነበረውን ባትሪ ጤነኛ ቢመስልም ባይመስልም ከእንግዲህ ቻርጅ አያድርጉት፤ ያበጠውን፣ የተበላሸውን ወይም የሚሸተውን አይብሱት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይቀላቅሉት፤ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በአሸዋ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ይቆይ። ፍላሹንም ከፍተው ላጽዳው አይበሉ፤ በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ፍላሹ ከጠፋ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የነበረ ከሆነ ሌላ መግዛቱ ይሻላል።

በማጽዳቱ ሥራ ከውጭው አልፈው ወደ ውስጥ እንዳይገቡ አደራ እላለሁ። ውጭውን ግን በራስዎ እጅ ማጽዳት ይችላሉ፤ እንዲያውም ጠጋኙ ዘንድ ሳይደርስ ቢጸዳ ይሻላል፤ በየቀኑ ዝገቱን የሚመግበው ውጭው ላይ ያለው ጥላሸት ነውና። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና የላስቲክ ጓንት አድርገው፣ ነፋስ በማይነፍስበት ደጅ ይቀመጡ። መጀመሪያ ምን ዓይነት ጥላሸት እንደሆነ ለማወቅ በነጭ ወረቀት የካሜራውን ሥር በስሱ ይንኩት፤ ወረቀቱ ላይ ደረቅ ግራጫ ዱቄት ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፣ ጥቁር ቅባት ሆኖ ከተላከከ የፍራሹና የኮርኒሱ ጭስ ነው። ከዚያ ሌንሱን ወደ ምድር አዙረው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ይንፉበት፤ በአፍ አይንፉ፣ ከጎሚስታ ቤት የሚገኘውን የአየር መሙያም አይጠቀሙ፤ ምራቅም የማሽኑ ዘይትና ውሃም እኩል ጠላት ናቸው። ከመንፊያው ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከብሩሹ ቀጥሎ በአልኮል ረጠብ ያለ ጨርቅ ይከተላሉ። ጨርቁ ይንጠብጠብ አይበል፤ አንድ ጊዜ የጠረገ የጨርቁ ገጽታ ደግሞ ወደ ካሜራው አይመለስ። ጎማው እጀታ ላይ አልኮል አያብዙ፤ ያደርቀዋል። የጎማው ሽታ ለማንኛውም ላይለቅ ስለሚችል በኋላ አዲስ ማስለበስ ነው የሚያዋጣው።

አልኮል ያልኩት ቢያንስ ከመቶ 90 ንጹሕ የሆነውን አይሶፕሮፒል ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው 70 የሚለው 30 እጁ ውሃ ነው። ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ የተረፈው የእጅ ሳኒታይዘር ደግሞ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን ስለሚጨመርበት ሌንስ ላይ ደመና ይተዋል። ቤንዚንን በሚመለከት ጎረቤቶችዎ ቅባት እንደሚያሟሟ ማወቃቸው ልክ ነው፤ ሆኖም የካሜራውን ፕላስቲክና ቀለም አብሮ ያሟሟል፣ እሳት ካቃጠለው ቤት ውስጥ ደግሞ ቤንዚን ማስገባት ምን ይሉታል? ሩዙንም ይተዉት። የፎገራ ሩዝ ለሰሐን እንጂ ለካሜራ አይደለም፤ እርጥበት የመሳብ ኃይሉ ደካማ ነው፣ ዱቄቱም በየቀዳዳው ይገባል። ጤፍ የሚሉም አሉ። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች የማትገባበት ቀዳዳ የለም። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይበጅም፤ የግንቦት ፀሐይ የካሜራውን የውስጥ ቅባት አቅልጦ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው መጋረጃ) ላይ ሊያፈስሰው ይችላል። ሽታውን በዕጣን እናስወግድ የሚል ዘመድ ከመጣ፣ ዕጣንም ጭስ መሆኑን በትሕትና ያስታውሱት።

ስለ ሌንሱ መስታወት ራሱን የቻለ ቃል ልናገር። የእንጨትም ሆነ የፕላስቲክ አመድ ውስጥ ጠንካራ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ፤ በደረቁ ሲጠረግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ የሌንሱን ሽፋን ይፍቃል። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በወጣትነቴ ዘጌ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ የወጥ ሠሪዎቹን ድንኳን ሳነሣ አመድ ሌንሴ ላይ ቢያርፍ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዤ ባነሣሁት ፎቶ ሁሉ ላይ ስስ ጭጋግ ይታያል፤ ሌንሱ አሁንም አለኝ፣ ጭጋጉም አብሮት አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው። ስለዚህ መንፊያው ካልበቃ ብሩሽ፣ ብሩሹ ካልበቃ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ በሌንስ ወረቀት ላይ (ሌንሱ ላይ ሳይሆን) ጠብ አድርገው ከመሐል ወደ ዳር እያዞሩ ይጥረጉ፤ ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ወረቀት ይያዙ። ከፊት ፊልተር (መሸፈኛ መስታወት) የተገጠመለት ሌንስ ካለዎት ደግሞ ጭሱን የጠጣው ፊልተሩ ነውና ፈትተው ይጣሉት፣ የፊት መስታወቱ ጉዳይም በዚያው ያበቃል።

ጠረጴዛ ላይ የነበረውን 24-105 ሌንስ ከካሜራው አይንቀሉት፣ ቀለበቱንም አያዙሩት። ይህ ሌንስ ሲጎላ ቱቦው ስለሚረዝም፣ እንደ ወናፍ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውጭው ላይ ያለውን ጥላሸት በየመዞሩ ወደ ሆዱ ያስገባዋል። የ70-200ዎ ቱቦው የማይረዝም ዓይነት ከሆነ ለዚህ አይጋለጥም፤ ያም ሆኖ ውጭው እስኪጸዳ አይንኩት። አንዳንድ ሰው ደግሞ «ካሜራዬ አቧራና ውሃ መከላከያ አለው» ብሎ ይጽናናል። የጎማ ማሸጊያው አቧራንና ጠብታን ያዘገያል፤ ጋዝን ግን አያቆምም።

ሁለቱን ካሜራዎች በአንድ ዓይን አይመልከቷቸው። የጋለ ጭስ ቀዝቃዛ ገጽታ ላይ መለጠፍ ይቀናዋል፤ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ብረትና መስታወት ክፍሉ ሲሞላ የጭሱ ማረፊያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ያውም ዚፑ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ የነበረው ግን ሁለት ግድግዳ ነበረው፤ ቦርሳው ራሱ ተጎድቷል እንጂ ውስጡ ያሉት የመዳን ተስፋቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎንና ጊዜዎን ቀድመው በቦርሳው ዕቃ ላይ ያውሉ። የጠረጴዛውን ካሜራ በተመለከተ የባትሪ ማስገቢያውንና የሌንስ መገናኛዎቹን በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካዩ ዝገቱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ሌንሶች በአጠቃላይ ከካሜራ ይልቅ ይተርፋሉ፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ፈትቶ መስታወቱን አንድ በአንድ ሊያጥበው ይችላል፤ ቦርድ ግን አንዴ ከተበላ አይታጠብም። ትራይፖዱን በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይበቃል። ጃንጥላዎቹን፣ የካሜራ ማንጠልጠያዎቹንና ቦርሳውን ለማትረፍ አይድከሙ።

ወደ ጠጋኝ ሲወስዱ፣ ምናልባትም 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጠው አዲስ አበባ ድረስ ሲልኩ፣ ነገሩ የቤት ቃጠሎ መሆኑንና የነደደው ፒቪሲና ስፖንጅ መሆኑን በጽሑፍ ይግለጹ፤ «አልነሣ አለኝ» ብለው የላኩት ካሜራ እንደ ተራ ብልሽት ይታይና ሰውየው ሳያጸዳ ኤሌክትሪክ ይለቅበታል። በአውሮፕላን ከላኩ የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ አብሮ መጫን ክልክል ነው። ከጠጋኙ ጋር ስትነጋገሩ «ይሠራል ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «ቦርዱን ከፍተህ መገናኛዎቹን ታጥባለህ ወይ? ከጠገንከው በኋላ ለስንት ወር ኃላፊነት ትወስዳለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ጭስ የጠጣ ካሜራ ዛሬ ሠርቶ በክረምቱ መሐል የሚቆም ነውና። የጥገናው ዋጋ ያው ካሜራ አገልግሎት ላይ ውሎ ከሚሸጥበት ዋጋ እኩሌታውን ካለፈ፣ እኔ ብሆን አልጠግነውም።

ወንድምዎ ስላሉት ነገር በግልጽ ልጻፍልዎ። ሽታው ይለቃል፤ ሽታ ከሚመጥ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) ከረጢት ጋር ለሁለትና ሦስት ሳምንት ቢታሸግ ብዙው ይጠፋል። አሲዱ ግን በሽታው ልቀት አይለካም። ገዢው ምናልባት እንደ እርስዎ ሥራ የጀመረ ወጣት ይሆናል፤ ካሜራው በአንድ የሙሽሮች ቀን ላይ ቢሞትበት ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፣ ከማን እንደገዛው ይታወቃል። መሸጥ ካስፈለገዎት «ጭስ የነካው፣ ለመለዋወጫ» ብለው፣ የቃጠሎውን ማስረጃ አሳይተው ይሽጡት። ዋጋው ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን በትክክል የሚገባውን ያህል ነው።

ሁለቱን ሠርግ ደግሞ አይሰርዙ። ዛሬውኑ ለቤተሰቦቹ ይደውሉ፤ ከሌላ ሰው ሰምተው ከሚጨነቁ ከእርስዎ አፍ ይስሙት፤ ያለፈው ሠርግ ፎቶ ከካርዱ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ «ፎቶው ደህና ነው» ብለው ለማንም አይማሉ፤ ከወጣ በኋላ ግን ያኔውኑ ይንገሯቸው። ለመጪዎቹ ካሜራ ይከራዩ ወይም ከሙያ ጓደኛ ይዋሱ፤ ገንዘቡ ካጠረዎት ዕቁብ ካለዎት የሚደርስዎትን ዕጣ አስቀድመው እንዲወስዱ ዳኛውንና አባላቱን ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ከቦርሳው የተረፈውን ካሜራ ጠጋኝ ሳያየው ሠርግ ላይ ብቸኛ መሣሪያ አድርገው አይውጡበት። ደንበኛ አምኖ ቀብዱን የሰጠው ለእርስዎ እንጂ ለካሜራዎ አይደለምና ስለ ተበደሩት ካሜራ አይፈሩ።

በመጨረሻ የአባትዎ ኔጋቲቮች ናቸው፤ ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየኋቸው እንጂ በአስቸኳይነት ከሁሉም ይቀድማሉ። ፊልም ላይ ምስሉን የያዘው ስስ ጄላቲን ነው፤ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱ እንደ ተጣበቀ ሲደርቅ ደግሞ አንዱ የአንዱን ምስል ይዞ ይላቀቃል። በስልክ እንደ ነገርንዎት ውሃ ውስጥ ካሉ ውሃውን በየጊዜው ይለውጡ፤ የተጣበቁትን አይጎትቷቸው፣ ውሃው ራሱ ቀስ እያለ ይለያያቸዋል። የላላውን በጫፉ ይያዙት፣ የማያብረቀርቀውን የምስሉን ፊት በጣት አይንኩት፣ አቧራ በሌለበት ክፍል ውስጥ ከጥግ በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥለው ያድርቁት። በአንድ ቀን ማድረስ የማይችሉት ካለ በውሃ የረጠበውን እንዳለ በላስቲክ ከረጢት አድርገው የጎረቤት ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት፤ በረዶ ሻጋታውን አስቁሞ ጊዜ ይሰጥዎታል።

ከደረቁ በኋላ ቅጂ የሚያነሡበት መሣሪያ በእጅዎ አለ። ከቦርሳው የተረፈው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በካሜራውና በሌንሱ መሐል በሚገባ ርካሽ የማራዘሚያ ቀለበት ተገጥሞ፣ ኔጋቲቩ ከነጭ የስልክ ወይም የታብሌት መብራት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ (ካልራቀ የስክሪኑ ነጥቦች አብረው ይነሣሉ) አጥጋቢ ቅጂ ያወጣል፤ የተገለበጠውን ቀለም ኮምፒውተር ላይ ወደ ትክክለኛው ይመልሱታል። ሥራውን ሲጀምሩ እናትዎን አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ የተነሡትን ሰዎች የሚያውቋቸው እሳቸው ናቸውና፣ ስማቸውንና ዘመኑን እየነገሩዎት በየፖስታው ላይ በእርሳስ ይጻፉት።